ለበረንዳችሁ የመስታወት በር ስትመርጡ



ቆየት ባሉ ሕንጻዎች የበረንዳው የመስታወት በር፣ እዚህ አገር ቪትሪና የሚባለው፣ ከጊዜ ብዛት ይከብዳል፤ አልንሸራተትም ይላል፤ ዝናብም ያስገባል። ለመቀየር ስታስቡ ሻጩ የሚያሳያችሁ ቀለሙንና ውበቱን ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ እግራችሁንና እጃችሁን አስቡ።

ቤቱ የማን ነው? የአሚዳር ቤት ከሆነ በራሳችሁ ገንዘብ ከመቀየራችሁ በፊት አሚዳርን ጠይቁ። ከግለሰብ የተከራያችሁም ባለቤቱን ጠይቁ። ቤቱ የራሳችሁ ቢሆንም ግድግዳ ሰብሮ በሩን ማስፋት ወይም በረንዳውን መዝጋት ከዒሪያ ፈቃድ ይፈልጋል። የማማዱን የብረት መስኮት ደግሞ በፍጹም አታስነኩ።

ለእግር። በሩ የሚሄድበት ሐዲድ ከወለሉ ከፍ ካለ ያደናቅፋል። ዝቅ ያለ ሐዲድ ጠይቁ፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለውም እዩ፤ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ ሳሎን ይገባል። በሃሊኾን ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ፣ በሩ ሲከፈት የሚገኘውን ማለፊያ አስለኩ። ባለ ሁለት ክንፍ ተንሸራታች በር ሲከፈት ግማሹ እንደተዘጋ ነው።

ለእጅ። ሱቅ ስትሄዱ በሩን ራሳችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት፤ ልጃችሁ አይክፈትላችሁ። ድርብ መስታወት ድምፅና ሙቀት ይቀንሳል፣ ግን ይከብዳል። ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ከሆነ ከውጭ መከፈት አለመከፈቱን ጠይቁ። ልብስ ልታሰጡ ወጥታችሁ በረንዳ ላይ እንዳትቀሩ!

መስታወቱ። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ ነው። መሑሴሜት የሚባለው ሲሰበር ጠጠር የሚመስል ስብርባሪ ይሆናል። ትሪፕሌክስ ደግሞ በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ የተጣበቀበት ስለሆነ ቢሰነጠቅም በቀላሉ አይበተንም። የሕንጻ መስታወት የእስራኤል ደረጃ ቁጥሩ 1099 ነው፤ በዚህ ደረጃ እንደሚሠራላችሁ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የትኛውም ቢሆን አዘዓቃ ሲጮህ ከመስታወት ራቁ። የልጅ ልጆች እንዳይጋጩበትም በእነሱ ዓይን ልክ ምልክት ለጥፉበት።

ጨውና ፀሐይ። ሀዴራ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ጨዋማው አየር ብረት ይበላል። ስለዚህ ብሎኖቹ ኒሮስታ ይሁኑ። ሐዲዱን በብሩሽና በንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ የምግብ ዘይት አታድርጉበት፣ አቧራ ይሰበስባል። በረንዳው ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ ስለሚያቃጥል ትሪስ ያስፈልገዋል።

ፊርማው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሻጭ በስልክ አነጋግሮ ወይም ቤት ድረስ መጥቶ የሸጠላችሁን ዕቃ፣ ዕድሜያችሁ 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕጉ እስከ 4 ወር ድረስ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። ነገር ግን በር በእናንተ ቤት ልክ ነው የሚሠራው፤ በልክ በታዘዘ ዕቃ ላይ ይህ መብት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? «ዋጋው ዛሬ ብቻ ነው» ቢላችሁም አትፈርሙ። ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የመስታወቱ ዓይነት፣ ልኩ፣ አሮጌውን በር ማን እንደሚያነሳ፣ የሚገጠምበት ቀንና አሕራዩቱ ይኑሩ። በሩ ተገጥሞ ሳትሞክሩት ሙሉውን ገንዘብ አትክፈሉ።

ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ወረቀቱን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ወደ እኛ ወደ ረቫሃ ቢሮ ኑ። አብረን እናነበዋለን። የት እንደምትመጡ ካላወቃችሁ የዒሪያውን መስመር 106 ደውላችሁ ጠይቁ።

በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ።