ዶስ አልሞተም፦ የፕሮግራም ፓኬጅ አሠራርና የሰው ሐቅ

በቤታችሁ ጥግ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተር ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አዳዲሶቹን ሲስተሞች መሸከም ያቃተው መሣሪያ ዛሬም ሊሠራበት የሚችል ሲስተም አለ፤ ስሙም ፍሪዶስ ይባላል። ኮምፒዩተር ለሚማር ወጣት ደግሞ፣ በኛ እምነት፣ እንደ እርሱ ጓዳውን ሁሉ ከፍቶ የሚያሳይ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ማይክሮሶፍት ዶስን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ዊንዶውስ እንደሚዞር ሲሰማ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን የፊዚክስ ተማሪ የነበረው ጂም ሆል፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ዶስ እንሥራ ሲል በጁን 29 ጥሪ አቀረበ። ፓት ቪላኒ የተባለ ፕሮግራመር የሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን አበረከተ፤ ሌሎችም የየድርሻቸውን ጨመሩ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም፣ 1.0፣ የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2006 ነው። እትም 1.4 ደግሞ በኤፕሪል 2025 ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እናንሳ። በሀገራችን የተገለበጠ ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል፤ ብዙዎቻችንም «የማይጨበጥ ነገር ምን ሐቅ አለው?» እያልን አልፈነዋል። ይሁንና ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው የደራሲነትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን፣ መጣስም እንደማይቻል ወስኗል። የሀገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ቆጥሮታል። የፍሪዶስ ከርነል ግን የወጣው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ «ገልብጡ፣ አሻሽሉ፣ ለሌላው ስጡ» ብሏል፤ ግዴታው ለሌላው ስትሰጡ ምንጩን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ አብራችሁ እንድታደርሱና ያንኑ ፈቃድ እንዳትነፍጉት ነው። ልብን የሚያሳርፍ ነገር ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የፍሪዶስ ፓኬጅ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ በውስጡ አንድ የዚፕ ፋይል ብቻ ነው። ስሙ ከስምንት ፊደል አይበልጥም፤ የዶስ ሕግ ነውና። በዚፑ ውስጥ ፎልደሮች አሉ፦ የሚሠራው ፕሮግራም «ቢን» በሚባለው ወይም ለራሱ በተከፈተለት ፎልደር፣ መመሪያው «ዶክ» ውስጥ፣ ምንጩ «ሶርስ» ውስጥ ይገባል። ምንጩን እንደገና በዚፕ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አለበለዚያ ረጃጅም የፋይል ስሞች ዶስ ላይ ሲፈቱ ተቆርጠው ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው «አፕኢንፎ» በሚባለው ፎልደር የምትቀመጠው በፓኬጁ ስም የተሰየመች፣ ኤል.ኤስ.ኤም. የምትባል አጭር የጽሑፍ ፋይል ናት። (ስያሜው ከሊኑክስ የተወረሰ ነው፤ ዶስ ላይ መገኘቱ ትንሽ ያስቃል።) በውስጧ የፕሮግራሙ ስም፣ የእትሙ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደጻፈው፣ ዛሬ ማን እንደሚንከባከበው፣ በምን ፈቃድ እንደወጣ ይሰፍራል። አንዳንድ ወጣቶች ይህችን እንደ ወረቀት ሥራ ይንቋታል። ስህተት የሚታረመው ግን በእርሷ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ወንድማችን ወይም እህታችን የዘካ ማስያ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፉ እንበል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ኒሳብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ያለፈበት ገንዘብ ለ40 ይካፈላል። ነገር ግን በ16 ቢት ዶስ «ኢንት» የሚባለው ተራ የቁጥር ዓይነት ከ32,767 በላይ አይዝም። 4,000,000 ብር ያለው ነጋዴ ቁጥሩን ሲያስገባ ትርፉ ይፈስና ብዙውን ጊዜ 2,304 ብቻ ይቀራል፤ ማሽኑም ዘካህ 57 ብር ነው ይለዋል። ትክክለኛው 100,000 ብር ነው። ማሽኑ አይጮህም፣ «ስህተት» የሚል ጽሑፍም አያወጣም፤ የሚጎዳው ሚስኪኑ ነው። መፍትሔው ከሁለት ቢሊዮን በላይ የሚይዘውን «ሎንግ» መጠቀም ነው። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋም ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም፤ ገበያው ይለዋወጣልና ተጠቃሚው ራሱ ያስገባ። ስህተቱ ከታረመ በኋላ የእትሙ ቁጥር ከ1.0 ወደ 1.1 ካልተቀየረ፣ የትኛው ዲስክ ላይ ትክክለኛው እንዳለ ማን ያውቃል? የተንከባካቢው ስም ከሌለስ ስህተቱን ያየ ሰው ለማን ይንገር?

ፓኬጁ ሲያልቅ በሌላ ንጹሕ ፍሪዶስ ላይ ይሞከር። አሮጌ ማሽን ከሌለ ቨርቹዋልቦክስ ወይም ኬሙ የሚባሉት ፕሮግራሞች በአዲስ ኮምፒዩተር ውስጥ አስመስለው ያስነሡታል። «ኤፍዲኢንስት» የሚባለው ትእዛዝ ፓኬጁን ይጭናል፤ የጫናቸውንም ፋይሎች ዝርዝር ይመዘግባል። ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ቀድሞ ካለ የሌላውን ሥራ ላለመደምሰስ እምቢ ይላል።

በመጨረሻም ማስወገዱን ሞክሩ። ትእዛዙ የሚያጠፋው በዝርዝሩ ያለውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በኋላ ራሱ የፈጠረው ፋይል፣ ለምሳሌ የቤተሰቡ ሀብት የተመዘገበበት፣ በዲስኩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያ ፋይል የት እንደሚቀመጥ መመሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ኮምፒዩተሩን ለሌላ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ በእጁ እንዲያጠፋው።