የገዢው ችግር ለነጋዴው መነሻ ስለ መሆኑ

«ንግድ ምንድን ነው?» ተብሎ ከመካከላችን አንዱ ቢጠየቅ፣ «ዕቃ በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ ነው» ብሎ ለመመለስ ጊዜ አይፈጅበትም። እኔም እስከ አምና ድረስ የማምነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ይህ አስተያየት ጎደሎ መሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ኪሳራ ስለ ተማርሁ፣ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህሮቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ አሰብሁ።

አምና በኅዳር ወር እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተማክረን ከመርካቶ አራት ደርዘን ደብተር ገዛን። መነሻውን ገንዘብ የሰጠችኝ እናቴ ስትሆን፣ ብሩም ለዕቁብ የምትጥለው ነበር። የደብተሩ ሽፋን ያማረ፣ ወረቀቱም የጠራ ስለ ነበረ በአንድ ሳምንት ተሸጦ ያልቃል ብለን ተስፋ አደረግን። ወሩ ሲያልቅ የተሸጠው ግን ዘጠኝ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተማሪ ደብተሩን የሚገዛው በመስከረም ነውና በኅዳር ደብተር የቸገረው ሰው አልነበረም።

ከትምህርት ቤታችን በር አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ዚፑ የተበላሸበት ወይም ማንገቻው የተበጠሰበት ተማሪ ቦርሳውን ጧት ይሰጣቸውና ደብተሮቹን በእጁ ይዞ ይገባል፤ ከትምህርት ሲወጣም ተሠርቶ ያገኘዋል። እርሳቸው ሥራ ፈትተው አይቼ አላውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ያልተሸጠውን ደብተር ታቅፌ ስቆም አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ደብተር ስትገዛ፣ አምጣልኝ ያለህ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

እኚህ ሰው የሚሰፉበት መኪና ጥቁር ሆኖ፣ በወርቅማ ፊደል «ሲንጀር» የሚል ስም የተጻፈበት፣ በእግር የሚረገጥ ነው። ኋላ የዚህን መኪና ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አገኘሁበት።

አይዛክ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. ነው። ቀዳሚው ግን እርሱ አልነበረም፤ ኤልያስ ሃው የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በ1846 መብቱን አስመዝግቦ ነበር። በዚያን ዘመን በእጅ ሲሰፋ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የወንድ ሸሚዝ በመኪና ሲሰፋ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ድካም የሚሸጥ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፤ በ1855 የሲንጀር ኩባንያ የሸጠው 883 መኪና ብቻ ነበር።

ምክንያቱስ ምን ነበር? አንደኛ፣ የመኪናው ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ሲሆን፣ የአንድ ተራ ቤተሰብ ገቢ ግን በዓመት 500 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለተኛ፣ «ሴቶች መኪና ማንቀሳቀስ አይችሉም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የሲንጀር ሸሪክ የነበረው ጠበቃው ኤድዋርድ ክላርክ የመጀመሪያውን ችግር ተመልክቶ በ1856 አዲስ ዘዴ አወጣ። ይኸውም ገዢው 5 ዶላር በቅድሚያ ከፍሎ መኪናውን ወደ ቤቱ እንዲወስድና ቀሪውን በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍል ነው። በዚህ ዓይነት ሰው በመኪናው ሰፍቶ ባገኘው ገንዘብ የመኪናውን ዕዳ ሊከፍል ቻለ። ለሁለተኛውም ችግር፣ ኩባንያው ወጣት ሴቶችን ቀጥሮ በሱቆቹ ውስጥ በሕዝብ ፊት እንዲሰፉ አደረገ። በ1856 የተሸጠው መኪና 2,564 ደረሰ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ገዢው መኪናውን የጠላው አልነበረም፤ የቸገረው ባንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ ነበር። ይህም ችግር ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ የሚጥሉት በየጊዜው ያዋጡት ጥቂት ገንዘብ ተጠራቅሞ ባንድነት እንዲደርሳቸው አይደለምን? ሽማግሌው ልብስ ሰፊም መኪናቸውን የገዙት በዕቁብ ብር መሆኑን ነግረውኛል።

ነገር ግን የሰውን ችግር መፍታትና በሰው ችግር መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያ በየወሩ የመክፈል ዘዴ፣ ክፍያውን ያቋረጠ ሰው መኪናው ሊወሰድበት ይችል ነበር። ደግሞም እህል እስኪወደድ ድረስ ደብቆ የሚያቆይ ነጋዴ የሰውን ችግር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሆኖም ያብሰዋል እንጂ አይፈታውም። እንዲህ ያለው ሰው ለጊዜው ቢያተርፍም፣ ገዢው ሌላ ነጋዴ ባገኘ ቀን ጥሎት ይሄዳል።

እንግዲህ ንግድ ለሚያስብ ሰው ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። መጀመሪያ፣ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ገዢውን ምን እንደ ቸገረው ይጠይቅ። ቀጥሎም፣ «አልገዛም» ቢባል ምክንያቱን ይመርምር፤ እንቅፋቱ ዕቃው ሳይሆን ዋጋው ወይም ጊዜው ሊሆን ይችላልና። በመጨረሻም፣ በትንሹ ሞክሮ ሲያይ ይጨምር እንጂ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ባንድ ቀን አያውጣ።

እኛም ዘግይተንም ቢሆን ይህንኑ አደረግን። ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሲጀመር የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ብንጠይቅ፣ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚያልቅባቸው የሂሳብ ደብተር መሆኑንና የሚፈልጉትም ባለ ካሬውን መሆኑን ነገሩን። የእኛ ደግሞ ባለ መስመር ነበር! የሸጡልንን ነጋዴ ለምነን ግማሹን በባለ ካሬ ለወጥንና በሁለት ሳምንት ሸጠን ጨረስን። ባለ መስመሩ ግን ዛሬም በቤታችን አለ፤ ይህን ጽሑፍ ያረቀቅሁትም በእርሱ ላይ ነው። ከእናቴም ብር ገና ያልመለስሁት አለ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ስንጨርስ ከእኛ ውስጥ አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ወደ ንግድ የምትሰማሩ ሁሉ፣ «ምን ልሽጥ?» ከማለታችሁ በፊት «ጎረቤቴን ምን ቸገረው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔ በእናቴ ገንዘብ የተማርሁትን እናንተ ያለ ኪሳራ ታገኙታላችሁ።