መቺው ሳይታወቅ ማንን ማስፈራራት ይቻላል?

በ1962 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ተፋጥጠው ያለ ጦርነት የተለያዩት ስለ ተዋደዱ አይደለም፤ ስለ ተፈራሩ ነው። የመፈራራቱም መሠረት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሚሳይል ሲተኮስ ከየት እንደ ተነሣ ይታወቃል፤ ሁለተኛ፥ መሣሪያው በሙከራም ሆነ በሰልፍ ለጠላት ሊታይ ይችላል። «ብትመታኝ እመታሃለሁ» የሚለው ዛቻ የሚሠራው መቺው ሲታወቅና ዱላው ሲታይ ነው።

የኮምፒዩተር ጦርነት ግን ሁለቱንም መሠረት ያናጋል። ለዚህ የኢስቶኒያን ታሪክ እንመልከት።

በሚያዝያ 2007 የኢስቶኒያ መንግሥት በዋና ከተማው በታሊን መካከል የቆመውን የሶቪየት ወታደር የነሐስ ሐውልት ወደ ጦር ሠራዊት መቃብር አዛወረ። «ሐውልቱ ፈረሰ» የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛ፤ በከተማው ሁከት ተነሣ፤ ወዲያውም የመንግሥት፥ የባንኮችና የጋዜጦች የኢንተርኔት አገልግሎት በሐሰተኛ ጥያቄ ጎርፍ ተጥለቀለቀ። ጥቃቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ኢስቶኒያ ሩሲያን ከሰሰች፤ ሩሲያም ካደች። ጎርፉ የመጣው በብዙ አገሮች ከተበተኑ ኮምፒዩተሮች ሲሆን፥ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ የተጠለፉ ነበሩ። በ2008 የገዢውን ፓርቲ ገጽ በማጥቃት ፍርድ ቤት የቀጣው አንድ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ እንደ እኛው ተማሪ!

ኢስቶኒያ የኔቶ አባል ናት፤ የቃል ኪዳኑ 5ኛ አንቀጽም በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ የጦር ጥቃት በሁሉም ላይ እንደ ተሰነዘረ እንዲቆጠር ያዛል። ነገር ግን ተማሪን በሚሳይል ማስፈራራት አይቻልም፤ በግምት አንድ መንግሥት ቢመታ ደግሞ ንጹሑን መትቶ እውነተኛ ጦርነት ማስነሣት ይመጣል። መሣሪያውንም ቢሆን አሳይቶ መዛት አስቸጋሪ ነው፤ የሚገባው ባልታወቀ ቀዳዳ ነውና፥ ቀዳዳው ከታወቀ ይደፈናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ኔቶ በ2014 የሳይበር ጥቃትም 5ኛውን አንቀጽ ሊያስነሣ እንደሚችል አስታወቀ። ኢስቶኒያ ግን በዛቻ ብቻ አልታመነችም፤ የመንግሥቱን ዋና ዋና መዝገቦች ቅጂ በሉክሰምቡርግ ለማስቀመጥ በ2017 ተዋዋለች። እንግዲህ «ብትመታኝ እመታሃለሁ» በሚለው ላይ «ብትመታኝም አልወድቅም» የሚል ተጨመረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብን በቅጂ ማዳን ሲቻል፥ ሕዝብን ከሐሰት ወሬ የሚያድነው ማስተዋል ነው። ያልፈረሰውን «ፈረሰ» ሲሉት ሳይመረምር የሚያቀብል ሰው፥ ደመወዝ ሳይቈረጥለት ለማያውቀው ጌታ ይዘምታል። የሰማነውን ከማቀበላችን በፊት «ማን አለ? በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ድሮም የተማሪ ወግ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አገር መጠበቅም ሆኗል።