የፕላዝማን ሙቀት ማን ለካው?

ኤሌክትሪክ በፕላዝማ፣ ማለትም አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን እስኪያጡ በጋለ ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያሞቀዋል፣ በሚፈጥረውም መግነጢሳዊ መስክ ጨምቆ እንደ ዓምድ ያቆመዋል። ችግሩ፣ ዓምዱ በጥቂቱ ከጎበጠ በጉብጠቱ ውስጠኛ ወገን መስኩ ይበረታና ይበልጥ ያጎብጠዋል፤ ግድግዳ ሲነካም ሙቀቱ ይባክናል።

በ1958 እ.ኤ.አ. ጥር ወር የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ዜታ በተባለው መሣሪያ የኑክሊየር ውሕደት ሳናገኝ አልቀረንም አሉ፤ በግንቦት ግን ማስረጃ የተባሉት ኒውትሮኖች ከሙቀት ሳይሆን ከዚሁ አለመርጋት እንደመጡ ራሳቸው አስታወቁ። በ1968 ሶቪየቶች ቶካማክ ቲ-3 በተባለው መሣሪያ ቀለበት የሠራውን ዓምድ በብርቱ ውጫዊ መስክ አስረን 10 ሚሊዮን ዲግሪ ደረስን ሲሉ ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ1969 እንግሊዞች የሌዘር መለኪያቸውን ሞስኮ ድረስ ወስደው እውነትነቱን አረጋገጡ።

እኛም ከዚህ የምንማረው፣ ትልቅ ቁጥር ስንሰማ ከማድነቃችን በፊት «ማን፣ በምን ለካው?» ብለን መጠየቅን ነው።