ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ

ምሩፅ ይፍጠር ለምን «ማርሽ ቀያሪው» እንደተባለ ታውቃላችሁ? እዚህ መርካቶ ባለማርሽ ሳይክል የነዳ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ካቴናው ከኋላ ወደ ትንሹ ማርሽ ሲዘል ፔዳሉ ይከብዳል፣ ሳይክሉ ግን ይፈተለካል። ምሩፅም እንደዚያው ነበር። ሌሎቹን ተከትሎ ይሮጥና 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው በአንዴ ይፈተለካል። ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል!

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ግን አልሮጠም። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ የተነሳ ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ቀርተው ነበር። አራት ዓመት እንደገና መጠበቅ! እኔ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲቀርብኝ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ አኮርፋለሁ። እሱ ግን በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ሄዶ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ ይዞ መጣ። ራሰ በራ ስለነበር ሰው በዕድሜው ይከራከር ነበር፤ እግሩ ግን ማርሹን አልረሳም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ያንን ድል የሰማው ልጅ ሆኖ በሬዲዮ ነው፤ ሯጭ የመሆን ምኞቱም ከዚያ መጣ። ምሩፅ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እኛ ሲሮጥ አላየነውም። ቢሆንም ሰፈር ውስጥ እሽቅድምድም ሲጋል ዳር የቆመው ሁሉ «ማርሽ ቀይር!» እያለ ይጮሃል።