የፕሬዘንቴሽን ችሎታን ከየት እንማር?

ባለፈው ሴሚስተር የቡድን ሥራችንን እንዳቀርብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። 22 ስላይድ አዘጋጅቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ግድግዳውን ብቻ ነው፤ ለክፍሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መምህራችን "ማንበብማ እኛም እንችላለን" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ማርክ የተቆረጠው ግን ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ጓደኞቼ ነበር። አንዷ ለዚያ ሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላይብረሪ ያመሸች ልጅ ናት።

ታዲያ ጋዜጠኛ እሆናለሁ የሚል ሰው፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ካቃተው ምን ይውጠዋል? በእረፍቱ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምር ነገር ሳስስ ከረምኩ። ችግሩ እጥረት ሳይሆን ብዛት ነው። ስለዚህ የቱ እንደሚጠቅም፣ የቱ ቢቀር እንደሚሻል ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ቢቀር የሚሻለውን ልናገር። "መልእክት የሚተላለፈው 7 በመቶ በቃል፣ 38 በመቶ በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶ በፊትና በሰውነት እንቅስቃሴ ነው" የሚል ጽሑፍ ወይም አሰልጣኝ ከገጠማችሁ ጠርጥሩ። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተሟቸው ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ ግን ስሜትን ስለመግለጽ እንጂ ስለማንኛውም ንግግር አልነበሩም፤ ሜህራቢያን ራሳቸውም ይህንኑ ተናግረዋል። እስቲ አስቡት፤ ቃል 7 በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማናውቀው ቋንቋ የተሠራ ፊልም ያለ ትርጉም ይገባን ነበር።

ከቪዲዮዎች የጠቀመኝ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ፓትሪክ ዊንስተን "ሃው ቱ ስፒክ" በሚል ርዕስ የሰጡት ትምህርት ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል፤ ትምህርቱ ግን ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይገኛል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በቀልድ አትጀምሩ፣ አድማጩ ሲጨርስ ምን እንደሚያውቅ ቃል ግቡለት፣ ስላይድ ላይ ቃል አታብዙ፣ አታንብቡትም ይላሉ። ስሰማቸው የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያዩኝ ነው የመሰለኝ። ኢንተርኔት ካስቸገረ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ቢያቀብል ለዶርሙ ሁሉ ይበቃል።

ግን ዋና በወሬ አይለመድም። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼም ስናገር ያው ነበርኩ። የለወጠኝ የቶስትማስተርስ አሠራር ነው። ይህን ማኅበር ራልፍ ስሜድሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ከተማ መሠረቱት። አንዱ ይናገራል፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ "እ..." የሚሉ መሙያዎችን ይቆጥራል፤ ሌላው በመጨረሻ ጥሩውንና የጎደለውን ይነግረዋል። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ሕንፃም አያስፈልግም። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ማታ ባዶ ክፍል እየፈለግን ጀመርነው። የመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ ውስጥ 31 ጊዜ "ማለት ነው" አልክ አሉኝ። አላመንኩም። በሞባይል የቀዱትን ሲያሰሙኝ አመንኩ። በስድስተኛው ሳምንት 9 ደረሰ።

የራሳችንንም አንርሳ። በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ አደባባይ ቆሞ፣ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ ነበር የሚከራከረው። ዛሬም ሰርግ ወይም እርቅ ላይ የሚናገሩ አዋቂ ሽማግሌ ሲገጥሟችሁ ልብ በሉ፦ ማንን እያዩ ይናገራሉ? የት ላይስ ዝም ይላሉ? ይህ ክፍያ የሌለው ትምህርት ነው።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ጥሩ የመማሪያ ምንጭ ማለት አስነስቶ የሚያናግርና ስህተትህን የሚያሳይህ ነው። መጽሐፉም ቪዲዮውም የሚገባህ ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ሴሚስተርም የቡድናችንን ሥራ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ስጡኝ ያልኩትም ራሴ ነኝ። ስላይዱ ስድስት ብቻ ነው። እስከዚያ ሐሙስ ማታ አድማጭ ይጎድለናልና ብቅ በሉ።