በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ጎዳና

የኢንተርኔት አድራሻ ሲቀረጽ በ32 ቢት ተወሰነ። 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ በዚያን ጊዜ የማያልቅ መስሎ ነበር፤ ሆኖም ዓለም አቀፉ የአይፒ ስሪት 4 ክምችት በ2011 እ.ኤ.አ. ተሟጠጠ። ተተኪው ስሪት 6 በ128 ቢት የተሠራ ነው። ችግሩ ሁለቱ በቀጥታ አለመግባባታቸው ነው። ስለዚህም ብዙ ኔትወርኮች ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስኬዳሉ፤ ሽቦው አንድ፣ ራውተሩ አንድ፣ የመንገድ ሠንጠረዡ ግን ሁለት።

ከሁለቱ አንዱ ሲታመም ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይነቃም። ዘመናዊ የድረ ገጽ ማሰሻዎች በስሪት 6 ሞክረው መልስ ከዘገየባቸው ወዲያው ወደ ስሪት 4 ይዞራሉ። ይህ ለተጠቃሚው በጎ ነው፤ ለባለሙያው ግን በሽታን የሚደብቅ ማስታገሻ ነው። ምርመራው ሁለቱን ለየብቻ ከመፈተሽ መጀመር አለበት።

በተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መካከል መንገድ የሚያለዋውጠው ፕሮቶኮል ቢጂፒ ይባላል። መጀመሪያ ለስሪት 4 ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በኋላ የመጣ ማራዘሚያ ሌሎች የአድራሻ ቤተሰቦችንም እንዲሸከም አስችሎታል። በመሆኑም ሁለት ራውተሮች በስሪት 4 ተገናኝተው የስሪት 6 መንገዶችን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ምቹ ይመስላል፤ ወጥመዱም እዚሁ ነው። ግንኙነቱ ጸንቶ ይታያል፤ ነገር ግን የስሪት 6 ቤተሰብ በሁለቱም ወገን ካልተፈቀደ አንድም የስሪት 6 መንገድ አይመጣም። ቢፈቀድም ሌላ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ መንገድ «በእገሌ በኩል እለፍ» የሚል የቀጣይ መሸጋገሪያ አድራሻ ይዞ ይጓዛል። አንዳንድ ራውተሮች በዚህ ቦታ ያንኑ የስሪት 4 አድራሻ የስሪት 6 ልብስ አልብሰው ያስቀምጡታል። ተቀባዩ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ከሌለው፣ የመጣለት መንገድ ተመዝግቦ ይታያል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም። ትክክለኛውን አድራሻ በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ለየቤተሰቡ የየራሱን ግንኙነት መመሥረት እመርጣለሁ። ሥራው እጥፍ ቢሆንም፣ በእኩለ ሌሊት የቱ እንደወደቀ ለማወቅ አያደክምም።

ሌላው ስውር ጥፋት ከጥበቃ ሠራተኛው፣ ማለትም ከፋየርዎሉ ይመጣል። በስሪት 4 አይሲኤምፒን መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ጎረቤትን የሚፈልገው ሌላ ፕሮቶኮል ስለሆነ ራውተሮቹ አይጠፋፉም። በስሪት 6 ግን ጎረቤት የሚፈለገው በራሱ በአይሲኤምፒ መልእክቶች ነው። እነርሱን በጅምላ የዘጋ ሰው ራውተሮቹን አንዱን ለሌላው ባዕድ አደረጋቸው ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራውተሩ ንጹሕ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ሃሪኬን ኤሌክትሪክና ኮጀንት፣ የስሪት 6 መንገዶችን በቀጥታ አይለዋወጡም ነበር። ሃሪኬን ኤሌክትሪክ በሰሜን አሜሪካ የኔትወርክ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ልመናውን በኬክ ላይ ጽፎ አቀረበ። ኬኩም መንገዱን አላስከፈተም።